ሌሊት 10 ሰዓት የወጣው ዳቦ

ስለ ሾፌሩ መጀመሪያ የሰማሁት ሲታማ ነው። ደሴ ውስጥ ያለ አንድ ዳቦ ቤት ኮምቦልቻ ላይ ቅርንጫፍ ከፍቷል። ዳቦው የሚጋገረው ደሴ ነው። ሌሊት በፒክአፕ ተጭኖ፣ ሐረጎን ተጠማዞ ወርዶ፣ ጎህ ሳይቀድ ኮምቦልቻ ይደርሳል። የሚያመላልሰው አንድ ወጣት ነው። የዳቦ ቤቱን ባለቤት ሁሉም ሐጂ ነው የሚላቸው። በሰው በሰው አስፈልገው አገኙኝ።

«ልጄ፣ እስቲ ሲስተሙን እይልኝ» አሉ። «ጥፋቱ የሲስተሙ ከሆነ ይታረማል። ካልሆነ ግን ልጁን ላሰናብተው ነው።»

ችግሩ ይሄ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ሪፖርት ላይ ዳቦው ሰኞ ማታ ከደሴ ይወጣል። ኮምቦልቻ ገባ የሚባለው ማክሰኞ ነው፣ ያውም ከወጣ 7 ሰዓት ቆይቶ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእግሩ የተነሣ ሰው ሳይቀድመው አይቀርም። ታዲያ መኪናው በመሀል የት ነው የሚያድረው? ዳቦውስ የት ይራገፋል?

የቀኑ ሂሳብም አይገጥምም። ለቅዳሜ ብዙ ዳቦ ነው የሚላከው። ሪፖርቱ ደግሞ የቅዳሜውን ጭነት ዓርብ ወጣ ይላል። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ትልቅ ጉድለት ይታያል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የዚያኑ ያህል ትርፍ። ትርፉን አንሥቶ «ይሄ ከየት መጣ?» ያለ ሰው የለም። ጉድለቱን ግን ዘበኛው ሳይቀር ያውቀዋል። ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ነጋዴ ናቸው፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው ነው ያደጉት።

ሦስት ወይስ ስድስት?

እኛ አገር ኮምፒውተር ላይ ሰዓት ከተዛባ ሁሉም ሰው መልሱን ያውቀዋል። «የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ነው» ይልና ይሄዳል። የዳቦ ቤቱ ሂሳብ ሠራተኛም ያለኝ ይሄንኑ ነው። «6 ሰዓት ቀንሰህ አንብበው» አለኝ። ቀንሼ አነበብኩት። የባሰ ተወሳሰበ።

ዳታቤዙ፣ መዝገቡ ሁሉ ያለበት ማለት ነው፣ የተቀመጠው በኪራይ ሰርቨር ላይ ነው። የኮምቦልቻው ቅርንጫፍ እስኪከፈት ድረስ ደሴ ባለው የካሸር ኮምፒውተር ላይ ነበር። ሁለት ከተማ ሲሆኑ የግድ ሁለቱም የሚያገኙት ቦታ መዛወር ነበረበት። እስከዚህ ችግር የለውም።

ዳታቤዝ በሰዓት ሲያስቸግር መጀመሪያ የማደርገው ራሱን መጠየቅ ነው፦ አንተ ጋ ስንት ሰዓት ነው? ማይኤስኪውኤል በሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ላይ ሁለት ትእዛዝ አከታትዬ እሰዳለሁ። አንዱ የዳታቤዙን «አሁን» ይሰጠኛል፤ ሌላው የዩቲሲን፣ የዓለም ሰዓት ሁሉ የሚለካበትን መነሻ ሰዓት። ሁለቱ እኩል ከመጡ ዳታቤዙ በዩቲሲ ይሄዳል ማለት ነው። በ3 ሰዓት ከተለያዩ የእኛን ሰዓት ይዟል፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከዩቲሲ 3 ሰዓት ይቀድማልና። የዚህኛው እኩል መጡ።

ቀጥዬ የሰዓት ቀጠናውን ቅንብር አየሁ። «ሲስተም» ይላል። ይሄ መልስ አይደለም። «እኔን አትጠይቁኝ፣ ያለሁበትን ማሽን ጠይቁት» ማለት ነው። ማሽኑን የሚጠይቀውም ሲነሣ ነው። የሰርቨሩን ሰዓት ቀጠና ቀይራችሁ ዳታቤዙን አጥፍታችሁ ካላስነሣችሁት በድሮው ይቀጥላል። ስንቱ ሰው በዚህ ሌሊቱን ሙሉ ሲባዝን አድሯል።

ከእኔ በፊት የሞከረ ሰው እንዳለም አየሁ። የቅንብር ፋይሉ ውስጥ የሰዓት ቀጠናውን «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» ብሎ በስም ጽፎ፣ መልሶ ከሥራ ውጭ አድርጎታል። ምን እንደገጠመው ገባኝ። ማይኤስኪውኤል የከተሞቹን ስም የሚያውቀው የስም ዝርዝሩ ለብቻ ከተጫነለት ነው። ካልተጫነለት «የማላውቀው ሰዓት ቀጠና» ብሎ አሻፈረኝ ይላል። በቁጥር «ፕላስ 3» ብትሉት ግን እሺ ነው። በነገራችን ላይ ሰርቨሮች በሚሠሩበት ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ላይ «ጂኤምቲ ማይነስ 3» የሚባል የሰዓት ቀጠና ታገኛላችሁ። ከስሙ ስትነሡ ከለንደን በ3 ሰዓት ወደኋላ ይመስላችኋል። የእኛው ነው! የመደመርና የመቀነሱ ምልክት በድሮ ልማድ ተገልብጦ ቀርቷል። ይህን ያደረገውን ሰው ባገኘው አንድ ሁለት የምለው ነገር አለኝ።

ወደ ሽያጩ ሰንጠረዥ ገባሁ። እያንዳንዱ መዝገብ ሁለት ሰዓት ይዟል። አንደኛውን የሚሞላው የካሸር ኮምፒውተር ነው። ሁለተኛውን ዳታቤዙ ራሱ መዝገቡ ሲገባ ይሞላዋል። አነጻጸርኳቸው። የኮምቦልቻ መዝገቦች ላይ የካሸሩ ሰዓት ከዳታቤዙ 3 ሰዓት ይቀድማል። ይሄ የሚጠበቅ ነው፤ አንዱ የኢትዮጵያ ሰዓት ነው፣ ሌላው ዩቲሲ። የደሴዎቹ ላይ ግን የካሸሩ ሰዓት 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ወደኋላ! ቢበዛ ዜሮ ልጠብቅ እችላለሁ። 6 ቢሆንም ያ ሂሳብ ሠራተኛ ልክ ነበር እል ነበር። ማይነስ 3 ግን ከምንም ጋር አይገናኝም። ደሴና ኮምቦልቻ መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት አለ ማለት እኮ ነው።

ምድጃው አጠገብ

ከቤት ሆኜ አልገባ ስላለኝ ሌሊት ሄድኩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። የደሴ ሌሊት ብርድ የሚያውቀው ያውቀዋል። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ግን ሸሚዝ ይከብዳል። ጋጋሪዎቹ በካናቴራ ናቸው፣ ክንዳቸው እስከ ክርን ዱቄት ነው። አንዱ በረጅም እንጨት ዳቦውን ከምድጃ ያወጣል፣ ሌላው ወደ ሳጥን ይቆጥራል። ሾፌሩ በር ላይ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ ሻይ ይጠጣል። ለምን እንደመጣሁ ያወቀ ይመስለኛል። ከሰላምታ በቀር አላናገረኝም።

ጭነቱ ሞላ። ካሸሯ የማስረከቢያ ወረቀቱን አትማ ሰጠችኝ። ሰዓቱን አየሁት፤ 10:00 ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓትም 10 ነው። ስልኬን አወጣሁ፤ 4:00። ላፕቶፔን ከፍቼ ዳታቤዙን ጠየቅሁት፤ 1:00።

«ልክ ነው አይደል?» አለችኝ ካሸሯ። «ልክ ነው» አልኳት። ሌሊት 10 ሰዓት ነዋ! ልክ አይደለም ማለት አልችልም። ግን ኮምፒውተር እንዴት አድርጎ ነው 10 ያለው? ፕሮግራሙ 6 ሰዓት ይቀንስ እንደሆነ ኮዱን አስቀድሜ አይቼዋለሁ። የሚቀንስ ነገር የለበትም። የኮምፒውተሩን ሰዓት እንዳለ ወስዶ ይጽፋል።

አይጤውን ያዝኩና ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ነካሁት። እዚያም 10:00። ቀኑን አየሁ፤ ሰኞ። ለእኛ ግን ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። የሰዓት ቀጠናውን ከፈትኩ። ዊንዶውስ ላይ አዲስ አበባ የሚል የለም፤ እኛ «ናይሮቢ» በሚለው ሥር ነን። ናይሮቢ ጠብቄ ነበር። «ቦነስ አይረስ» ይላል።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ጋጋሪዎቹ ዞረው አዩኝ። ይሄ ዳቦ ቤት ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጦ ሰዓቱ አርጀንቲና ነው! በዚያች ደቂቃ ቦነስ አይረስ ገና ሰኞ ማታ ነው፤ ሰው እራት ላይ ይሆናል።

ሳቁ ሲያልፍልኝ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባው ላይ መደመር መቀነስ ጀመርኩ። እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን። በአፋችን የምንቆጥረው ሰዓት ደግሞ ከዚያ 6 ይቀንሳል። ከ3 ላይ 6 ሲቀነስ ማይነስ 3። ከዩቲሲ 3 ሰዓት ወደኋላ የሚሄድ አገር የት አለ? አርጀንቲና። ስለዚህ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ ሐጂ እንኳ አያስታውሱትም፣ ከዓለም ካርታ ላይ እኛ በአፋችን የምንለውን ሰዓት የሚናገር አገር ፈልጎ አግኝቷል። ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ 2:00 ይላል። ሌሊት 10 ሲሆን 10:00 ይላል። ኤኤምና ፒኤሙ እርግጥ የቀኑን ግማሽ የተገለበጠ ነው፤ እሱን ግን ማን ያነበዋል?

ይበልጥ የገረመኝ ቀኑ ነው። በዚህ ኮምፒውተር ላይ ቀን የሚለወጠው የእኛ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ ልትወጣ ስትል። የኮምፒውተሩ ዜሮ ሰዓት ከእኛ 12 ጋር ይገጥማል። ሰውዬው አስቦበትም ይሁን ሳያስበው፣ ማሽኑን ሐበሻ አድርጎታል።

ሞኝ ነው የሚለኝ ሰው ይኖራል። እኔ አልለውም። ዕድልም ቀንቶታል፤ ከዚያው ከዩቲሲ ማይነስ 3 ሳኦ ፓውሎን መርጦ ቢሆን ኖሮ፣ ብራዚል እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ በዓመት ሁለቴ ሰዓቷን ታዛውር ስለነበር ዳቦ ቤቱ በየዓመቱ ለተወሰኑ ወራት ያብድ ነበር። የሱ ዘዴ ሁሉም ነገር አንድ ኮምፒውተር ላይ እስካለ ድረስ ምንም አልጎደለውም። ሁሉም ነገር በአንድ ልክ ከተሳሳተ ስሕተቱን የሚያየው የለም። ኮምቦልቻ ናይሮቢ ላይ የተስተካከለ አዲስ ኮምፒውተር ሲገባና ዳታቤዙ ዩቲሲ ላይ ሲቀመጥ ነው ጉዱ የወጣው። ያኔም ቢሆን የተጠረጠረው ኮምፒውተሩ አልነበረም። የተጠረጠረው ጃኬቱን ቆልፎ በር ላይ የቆመው ልጅ ነው።

የሜሲ አገር

ጠዋት ለሐጂ በወረቀት አሳየኋቸው። ከደሴ የወጣው ሌሊት 10 ሰዓት፣ ኮምቦልቻ የገባው 11 ሰዓት። ራገፋውን ጨምሮ አንድ ሰዓት። የኮምቦልቻው ኮምፒውተር 5:00 ብሎ መዘገበው፣ የደሴው ደግሞ ባለፈው ቀን 22:00 ብሎ። በሁለቱ መካከል ያለውን ሲስተሙ ሲቆጥር 7 ሰዓት። አንዱ የመንገዱ ነው፣ ስድስቱ የቦነስ አይረስ።

ሐጂ ወረቀቱን ዝም ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። «ሱብሃነላህ» አሉ። ከዚያ ሾፌሩን አስጠሩት። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ብቻ «አብሽር ልጄ፣ ሲስተሙ ነው» አሉት። ልጁ እኔን አየኝ፣ እሳቸውን አየ። አርጀንቲና የሚለውን ስነግረው «ታዲያ ሐጂ፣ ከሜሲ አገር ድረስ እየጫንኩ ነው የምመጣው በሉኛ! ነዳጁንም አስቡልኝ» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እሱ ግን እንደኛ አልሳቀም። ወሬው ወራት ቆይቷል፤ በአንድ ጠዋት ቀልድ አይጠፋም።

ቀኑ መቼ ነው የሚጀምረው?

ቴክኒኩ ሳይከብድ አለቀ። የሁለቱንም ኮምፒውተር ናይሮቢ ላይ አደረግሁ። ዳታቤዙን «ሲስተም» ከማለት አውጥቼ ዩቲሲ መሆኑን በቁጥር ጻፍኩለት፤ ነገ ሰርቨሩ ቢቀየር እንኳ እንዳይናወጥ። ፕሮግራሙ በዩቲሲ እንዲመዘግብ፣ ለሰው ሲያሳይ ግን የእኛን ሰዓት እንዲያሳይ አደረግሁ። ያ ሰው በሰዓት ቀጠና የሠራውን እኔ በማተሚያው ላይ ሠራሁት። እዚያ ላይ ማንንም አይጎዳም።

የድሮውን መዝገብ ማረም ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ማይኤስኪውኤል ላይ ሰዓት የሚቀመጥባቸው ሁለት ዓይነት ኮለሞች (የሰንጠረዥ ዓምዶች) አሉ። ዴትታይም የሚባለው የሰጣችሁትን እንዳለ ያስቀምጣል፤ የየት አገር ሰዓት እንደሆነ አይጠይቅም። ታይምስታምፕ ግን ሲያስገባ ወደ ዩቲሲ ይለውጣል፣ ሲያወጣ ደግሞ ወደ ጠያቂው ሰዓት ይመልሳል። የካሸሩ ሰዓት ዴትታይም ነበር፣ የዳታቤዙ ታይምስታምፕ። ዳታቤዙ ከደሴ ወደ ሰርቨሩ ሲዛወር የተጠቀሙበት የማይኤስኪውኤል መገልበጫም ካልከለከሉት በቀር ታይምስታምፑን በዩቲሲ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ ሀገር ማቋረጥ፣ ያልተዛባ አንድ ኮለም ነበር። እሱን መለኪያ አድርጌ የደሴውን ላይ 3 ሰዓት ጨመርኩ፣ ከኮምቦልቻው ላይ 3 ቀነስኩ። ያልገጠሙት ኔትወርክ በጠፋባቸው ሌሊቶች ኮምፒውተሩ ውስጥ ተጠራቅመው ቆይተው የተላኩት ናቸው። በእነሱ ላይ ዘግይቶ የሞላው ዳታቤዙ ስለሆነ የካሸሩን ሰዓት አመንኩ።

ያልጠበቅሁት ከዚያ በኋላ መጣ። ሰዓቱ ሁሉ ተስተካክሎ ሪፖርቱን ሳወጣ እንደገና አልገጥም አለ። አሁን ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ በእኛ 6 ሰዓት። ዳቦው መጋገር የሚጀምረው ማታ 4 ላይ ነው። የአንድ ሌሊት ዳቦ፣ ያው ሊጥ፣ ያው ዱቄት፣ ለሁለት ቀን ተከፈለ። ከማታ 4 እስከ 6 ያለው የሰኞ፣ ከ6 በኋላ ያለው የማክሰኞ። ዱቄቱ ሰኞ ከመጋዘን ወጥቶ ግማሹ ዳቦ ማክሰኞ ይገኛል። በአርጀንቲና ጊዜ ይሄ አልነበረም! ሌሊቱ አልተከፈለም ነበር፤ ቀኑ የሚለወጠው ሁሉም ተጋግሮ ካለቀ በኋላ ነበርና።

«ቀናችሁ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብዬ መዞር ጀመርኩ። እብድ ነው ያሉኝ ይመስለኛል። ሂሳብ ሠራተኛው «እኩለ ሌሊት፣ ሌላ ምን አለ?» አለኝ። ካሸሯ ሲነጋ አለች፤ ፈረቃ የምትቀይረው ያኔ ነው። ዋናው ጋጋሪ «ሊጡ ሲቦካ» አለኝ። ሐጂ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ገረማቸው። «ከመግሪብ በኋላማ የነገ ነው። የጁሙዓ ሌሊት የሚባለው እኮ ሐሙስ ማታ ነው» አሉ። ጋጋሪው ክርስቲያን ነው። «የኛም ዋዜማው ማታ ነው የሚቆመው» ብሎ አገዛቸው። ወሎ ውስጥ ሁለቱ ሲስማሙ አዲስ ነገር አይደለም፤ በሶፍትዌር ጉዳይ ሲስማሙ ግን መጀመሪያ ማየቴ ነው።

ሌሊት የተጋገረ ዳቦ ጠዋት የሚበላ ነው። ማን ነው የሰኞ ነው የሚለው? የጋጋሪውንና የሐጂን መልስ ያዝኩ። ከሰዓቱ ኮለም ጎን «የሥራ ቀን» የሚል ሌላ ኮለም ጨመርኩ። ማታ ሊጡ ሲቦካ የሚከፈተው ፈረቃ ነው የሚሞላው። ዱቄቱም፣ የወጣው ዳቦም፣ ኮምቦልቻ የገባውም በዚያ ቀን ስም ይመዘገባሉ። የዓርቡ ጉድለት ጠፋ። የቅዳሜው ትርፍም አብሮ ጠፋ፤ እሱን ግን ማንም አላስተዋለውም።

ሂሳብ ሠራተኛው አልተዋጠለትም። እውነት አለው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ 30 ማታ የተጀመረ ፈረቃ በሐጂ አቆጣጠር የሐምሌ 1 ነው። ማታ 5 ሰዓት ላይ ደረሰኝ የተቆረጠለት ሽያጭ ግን የአሮጌው ዓመት ነው፤ ግብር ሰብሳቢ የመግሪብን ነገር አይሰማም። ስለዚህ የግብሩ ሪፖርት ደረሰኙ የተቆረጠበትን ትክክለኛ ሰዓት ይከተላል፣ የዳቦና የዱቄቱ ሪፖርት የሥራ ቀኑን። ሁለት ሪፖርት ለምን አስፈለገ ብሎ ተነጫነጨ፣ ከዚያ ተቀበለ።

ያልተቀበለችው የኮምቦልቻዋ ካሸር ናት። እሷ ከመጀመሪያውም በፈረንጅ ሰዓት ነው የለመደችው። በሞባይል የሚከፍሉ ደንበኞቿ ብዙ ናቸው፤ የክፍያው መልእክት የሚመጣላት በፈረንጅ ሰዓት ነው። የእኔ አዲሱ ወረቀት «2:15» ሲላት መልእክቱ «8:15» ይላታል። ማታ ሂሳብ ስታስታርቅ አንድ በአንድ 6 ልትደምር ነው። ደውላ «የሠራኸውን መልስልኝ» አለችኝ። አሁን ኮምቦልቻ የሚታተመው ወረቀት ሁለቱንም ሰዓት ይዟል፣ የእኛውን ከላይ፣ የፈረንጁን ከሥሩ። የደሴው የእኛውን ብቻ ነው። ሐጂ በዚህም ደስ አላላቸውም፤ አንድ መስመር ሲጨመር ወረቀቱ እየረዘመ ጥቅሉ ቶሎ ያልቃል ይላሉ።